ጠላ ጠማቂዋ የቤልጂየም ቢራ ሲዳኙ

ምልልሱ የተደረገው ጎንደር ማራኪ ውስጥ ነው። ጠማቂዋ ዳባት ተወልደው ያደጉ፣ ጎንደር ከተማ ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናት ናቸው። ቀማሹ የእህታቸው ልጅ ሲሆን በአንድ ቢራ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ይሠራል። መካከላቸው ያለው ጠርሙስ ባሕር ማዶ የሚገኝ አንድ ትንሽ ጠማቂ በቤልጂየሞች የ«ትሪፕል» ስልት ያዘጋጀው ቢራ ነው፤ 9 በመቶ አልኮል አለው። ከጠርሙሱ ጎን የዳኝነት ቅጽና እርሳስ ተቀምጧል።

ጠማቂዋ፦ ይህን ጠርሙስ ከፍሪጅ ካወጣኸው ቆየ እኮ። ሳይሞቅብህ መልሰው።

ቀማሹ፦ ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት፣ እትዬ። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ይደብቃል። ዳሸንን አቀዝቅዘን የምንጠጣው ላገር ስለሆነ ነው፤ ላገር ንጹሕና ቀለል ያለ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚሠራ ቅዝቃዜው ያምርበታል። ይኼኛው ግን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲደርስ ነው ያለውን የሚያሳየው።

ጠማቂዋ፦ ጠላም ከጋኑ ቅዝቃዜ ሌላ አይፈልግም። ፍሪጅ ከገባ ጌሾው ብቻ ነው ምላስ ላይ የሚቀረው። ብርጭቆውን አምጣው እስቲ ላሽትተው።

ቀማሹ፦ አሁን ነው የታጠበው።

ጠማቂዋ፦ የታጠበ ሁሉ ንጹሕ ነው ያለህ ማነው? ሳሙናው አልለቀቀም፤ ይሸታል። በብዙ ውሃ አለቅልቀህ ገልብጠው፣ በፎጣ አትንካው። ጋን በግራዋ ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ጭስ የሚታጠነው ለምን ሆነና? ዕቃው ካልጠራ ጌሾው ከየትም ቢመጣ ከንቱ ነው።

ቀማሹ፦ ለዳኝነትም የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። የሳሙና ርዝራዥ አረፋውን ይገድለዋል፤ አረፋው የሞተበትን ቢራ ጠማቂው ነው ያበላሸው ብለን እንፈርድበታለን፤ ጥፋቱ ግን የአስተናጋጁ ነው። ... ይኸው፣ አሁን ልቅዳ። ጠርሙሱ ሥር የተኛው ይታይዎታል?

ጠማቂዋ፦ አተላ።

ቀማሹ፦ አዎን፣ የእርሾ አተላ። ጠማቂው ቢራውን ሲያሽግ ጥቂት ስኳርና እርሾ ይጨምርበትና ጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ ይፈላል። ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኛ ፋብሪካ የምናወጣው ግን ተጣርቶ፣ ጋዙ በመሣሪያ ተለክቶ ነው የሚታሸገው።

ጠማቂዋ፦ እንግዲያስ አታንገላታው። አንድ ጊዜ አዘንብለህ ቅዳ፤ መለስ ቀለስ ካደረግኸው አተላው ይነሣል።

ቀማሹ፦ ይኸው። አረፋው ሲነሣ ይመልከቱልኝ።

ጠማቂዋ፦ ውይ! ግማሹ አረፋ ሆነ።

ቀማሹ፦ ስልቱ ራሱ ብዙ አረፋ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ቢራው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአምስት አንድ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ ፈጥኖ ይወጣል። ቤልጂየም የባሕር ጠረፍ ላይ ቢከፈት ይህን ያህል አይነሣም። ስለዚህ በአረፋው ብዛት አልቀጣውም። የማየው ምን ያህል እንደሚቆይና ሲወርድ ብርጭቆው ላይ ምን ጥሎ እንደሚያልፍ ነው።

ጠማቂዋ፦ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ብርጭቆው ላይም ዳንቴል ጥሎ ነው የሚወርደው። መልኩ ወርቅማ፣ ትንሽ ደመና ያዘለ። በመልክ በኩል የሚወጣለት እንከን አላየሁበትም።

ቀማሹ፦ ለመልክ ያለው 3 ነጥብ ብቻ ነው። ጠቅላላው 50 ነው፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምት 10። አሜሪካ ውስጥ በ1985 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ያወጣው አከፋፈል ነው፤ በብዙ አገር የሚሠሩበት እሱን ነው።

ጠማቂዋ፦ መልክ 3 ብቻ? እኔ ቤት መልኩን አይቶ ሳይቀምስ ተነሥቶ የሚሄድ ጠጪ አለ።

ቀማሹ፦ ዳኛ ደግሞ ተነሥቶ መሄድ አይፈቀድለትም። እንኪያስ ሽታውን።

ጠማቂዋ፦ ... ቅርንፉድ ገብቶበታል። ቁንዶ በርበሬም አለ። ከበስተኋላ የበሰለ ሙዝ ይሸተኛል። ይህ ሰውዬ ሻይ ነው እንዴ ያፈላው?

ቀማሹ፦ አንድም ቅመም አልገባበትም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ገብስ፣ ሆፕስ፣ ስኳር፣ እርሾና ውሃ ብቻ ነው። ቅርንፉዱን የሠራው እርሾው ነው። የቤልጂየም እርሾዎች ከገብሱ ውስጥ ያለውን አንድ አሲድ ይዘው ቪናይል ጓያኮል የሚባል ነገር ያወጣሉ፤ የቅርንፉድ ሽታ ያለው እሱ ነው። ሙዙም የእርሾ ሥራ ነው፤ ሞቅ ባለ ቦታ ሲፈላ ይበረታል። የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ እርስዎ ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ ጭሱ ውስጥ ያለው ጓያኮል የዚህ የቅርንፉዱ የቅርብ ዘመድ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው የጎንደርን ጠላ አሽትቶ ቅመም ይፈልግበታል፤ እርስዎ ደግሞ የቤልጂየሙን አሽትተው ቅመም ፈለጉበት።

ጠማቂዋ፦ እርሾ ነው ካልክ ይሁን። ግን ሽታው ተስማምቷል፤ አንዱ ሌላውን አልዋጠውም። ጭስ ሲበዛብኝ የምፈራው እሱን ነው፤ ጌሾውን ውጦ፣ ገብሱን ውጦ፣ ጠጪው የሚጠጣው ወይራ ብቻ ይሆናል።

ቀማሹ፦ ይህን የተናገሩትን ነው ቅጹ ላይ የምጽፈው። «ጥሩ ሽታ» ብዬ ብጽፍ ለጠማቂው ምን ይጠቅመዋል?

ጠማቂዋ፦ ምንም። ስንት ዓመት ስጠምቅ «ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ብሎ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ደስ ይለኛል፣ ግን ለሚቀጥለው ጋን አይረዳኝም። «ዛሬስ አልሆነም» ብሎ ጥሎ የሚሄደውም እንደዚያው ነው። ምኑ ነው ያልሆነው? ጌሾው ነው? ውሃው ነው? አሻሮው አርሮ ነው? ማንም አይነግርሽም። የተበላሸ ጋን ሸክሙ የጠማቂዋ ብቻ ነው።

ቀማሹ፦ የምንሠራውን ሥራ የምወደው ስለዚህ ነው። አሁን ይጎንጩ፤ ቶሎ አይዋጡት።

ጠማቂዋ፦ ... ኃይለኛ ነው፤ ያሞቃል። ግን አይከብድም። ይህን ያህል የሚያሰክር ነገር ማር የተጨመረበት ያህል አፍ ላይ ይጣበቃል ብዬ ነበር። ይኸኛው ደረቅ ብሎ ነው የወረደው። ስኳር ገብቶበታል ብለኸኝ ነበር፤ የታለ ታዲያ?

ቀማሹ፦ እርሾው በልቶታል። ትሪፕል ውስጥ የሚገባው ስኳር አንዳንዴ ከሚፈላው ነገር አምስት አንድ ይደርሳል፤ ግን ለማጣፈጥ አይደለም። ገብስ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ አልኮል ወፍራም ሾርባ ሆኖ ይቀራል። ስኳሩን እርሾው ሙሉ በሙሉ ስለሚበላው ቢራው ቀጭንና ደረቅ ሆኖ ይጨርሳል። ጥንካሬውን ይጨምራል፣ ውፍረቱን ግን ይቀንሳል።

ጠማቂዋ፦ እኔ ጋ ጠላ ላይ ስኳር የጨመረች ሴት ስሟ ይጠፋል። ብቅሉ ያልሠራላት፣ ድፍድፉ የደከመባት ናት እንዲህ የምታደርገው። ራስ ምታቱን ለጠጪው፣ ገንዘቡን ለራሷ።

ቀማሹ፦ እዚያ ደግሞ ስኳር ያልገባበት ትሪፕል ከባድ ነው ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል።

ጠማቂዋ፦ እዚህ ላይ ነው የማልስማማህ። አንድ ነገር እዚህ ጥፋት፣ እዚያ ብልኃት ከሆነ ዳኝነት ምኑ ላይ ነው? «አስቤ ነው ያደረግሁት» ያለ ሁሉ ነጻ ይወጣል ማለት ነው። እኔም ጠላዬ ሲሆመጥጥብኝ «እንዲሆመጥጥ ነው የፈለግሁት» እላለኋ!

ቀማሹ፦ ሐሳቡን ከቀመሱልዎት በኋላ ቢናገሩት ማንም አይቀበልዎትም። አስቀድሞ መነገር አለበት። ይህ ጠማቂ ጠርሙሱ ላይ ትሪፕል ብሎ ጽፏል። ትሪፕል ደግሞ ባዶ ስም አይደለም። አንትወርፐን አጠገብ የሚገኘው የዌስትማል ገዳም መነኮሳት ስሙን ለነጣ፣ ለጠነከረ ቢራቸው አውለውታል፤ የነሱ 9.5 በመቶ ነው። ዛሬ ይህን ስም የሚለጥፍ ሁሉ ከ7.5 እስከ 9.5 በመቶ አልኮል፣ ወርቅማ መልክ፣ ደረቅ አጨራረስ፣ የእርሾ ቅመምነት ይጠበቅበታል። ጣፋጭና ጥቁር ሆኖ ቢመጣ ጣዕሙ ምንም ቢማርከኝ ትሪፕል ብዬ አላልፈውም።

ጠማቂዋ፦ ቃል መግባት ነው በለኛ! እንደዚያ ከሆነ ይገባኛል። የሠርግ ጠላ ብዬ ቅራሪ ብቀዳልህ ዋሽቻለሁ፤ ልታሳፍረኝ መብት አለህ። ቅራሪ ብዬ ሰጥቼህ «ቀጠነ» ብትለኝ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው። ቅራሪ መቅጠኑ ነው ሥራው፤ ለአጫጅ፣ ለወቂ፣ ለልጅ የሚሰጥ ነው።

ቀማሹ፦ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምን ሊሆን ነበር? ሁለተኛው፦ ሆነ ወይስ አልሆነም? «እኔ እወደዋለሁ ወይ?» የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣና ከ50ው ጥቂት ነጥብ ብቻ የሚነካ ነው።

ጠማቂዋ፦ መነኮሳት ናቸው አልክ? ይህን የሚያሰክር ነገር?

ቀማሹ፦ ትራፒስት ይባላሉ። በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ኃላፊነት መጠመቅ አለበት፤ ትርፉም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት ነው የሚውለው። ጥንካሬው ከመነኮሳቱ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1919 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም መንግሥት በመጠጥ ቤቶች እንደ አረቄ ያሉ ብርቱ መጠጦች እንዳይሸጡ ከለከለ፤ ብርቱ መጠጥ የለመደው ሰው ወደ ጠንካራ ቢራ ዞረ፣ ጠማቂዎችም ተከተሉት።

ጠማቂዋ፦ የደብር ጠላ እኛም እናውቃለን። ለዝክር የሚጠመቅ ጠላ ቸል አይባልም፤ ካህኑ ባርኮ ነው ለማኅበርተኛው የሚቀዳው፤ ቢበላሽ ኀፍረቱ የባለተራዋ ነው። የማኅበር ጽዋ የሚደርሳት ሴት ድፍድፏን ስንት ቀን ቀድማ እንደምታስብ እኔን ጠይቀኝ።

ቀማሹ፦ አሁን ስለ መሆምጠጥ ያነሡት እንዳያመልጠኝ። ቤልጂየም ውስጥ፣ ብራስልስ አካባቢ፣ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ። እርሾ አይጨመርበትም። የተቀቀለውን በሰፊ ጠፍጣፋ ገንዳ ላይ አፍስሰው ሌሊቱን ክፍት ያሳድሩታል፤ በቅዝቃዜው ወራት ብቻ ነው የሚሠሩት። ከአየሩና ከቤቱ የሚገባው እርሾና ባክቴሪያ ያፈላዋል፤ ከዚያም በእንጨት በርሜል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይቆያል። ይሆመጥጣል። በዋጋ ደግሞ ከውዶቹ ነው።

ጠማቂዋ፦ እኔስ እርሾ መቼ ገዝቼ አውቃለሁ? ጌሾው ይዞት ይመጣል፣ ጋኑ ይዞት ይቆያል። ግን ሆምጣጣ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ምራቅ ያመጣል፣ ምግብ ያሰኛል፤ ይህ ጤና ነው። ሌላው ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ አፍንጫ ይወጋል፤ ያ ኮምጣጤ ነው፣ ጋኑ አየር አግኝቷል ማለት ነው። አፉ በደንብ ሳይመረግ ቀርቶ፣ ወይ ሲቀዳ ሲቀዳ ጎድሎ ባዶው በዝቶበታል።

ቀማሹ፦ ላቦራቶሪም እንዲሁ ይለየዋል። የመጀመሪያው ላክቲክ አሲድ ነው፤ እርጎን የሚያረጋው ዓይነት። ሁለተኛው አሴቲክ ነው፤ እሱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። ጠላ ሲያረጅ የሚወስደው መንገድ እሱ ነው። ላምቢክን የሚዳኝ ሰው የመጀመሪያውን ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሲበዛ ይቀንሳል። ኮረፌስ? የእርስዎ ባለቤት ወገኖች ጭልጋ አካባቢ ይጠምቁ የለ?

ጠማቂዋ፦ ኮረፌማ ሌላ ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከጌሾ ቅጠል ጋር ይደፈደፍና ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ደቦ ሲኖር ከድፍድፉ ተወስዶ ውሃ ይገባበታል፤ አድሮ በማግስቱ ይጠጣል። ገና እየፈላ ነው የሚጠጣው። ነገ ከነገ ወዲያ ብትለው ኮረፌነቱ አለቀ። እና ያን ኮረፌ የተጣራ ጠላ የለመደ የከተማ ሰው «ጉሽ ነው፣ አልበሰለም» ይለዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ፍርድ ነው።

ቀማሹ፦ ይህ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው የፈረደው።

ጠማቂዋ፦ እንዲያውም ቂም ይዤበታለሁ። ... ቆይ፣ ብርጭቆው ሞቀ። አሁን ላሽትተው።

ቀማሹ፦ ዳኛ ሁለተኛ ጊዜ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛው ላይ ያልታየ ነገር ሲሞቅ ይወጣል። ምን አገኙ?

ጠማቂዋ፦ ቅርንፉዱ አለ፣ ግን ሥሩ ሌላ ነገር አለ። ዝናብ የመታው ካርቶን። መደብር ውስጥ የቆየ፣ የረጠበ ካርቶን ሽታ። ትንሽ ነው፤ ግን አንዴ ካገኘሁት በኋላ አልተወኝም።

ቀማሹ፦ ... አለ። ይህ ኦክሳይድ መሆን ነው፤ አየር ነክቶታል፣ ዕድሜና ሙቀት ደግሞ አባብሶታል። ጠማቂው ሲያሽግ አየር አስገብቶ ይሆናል፣ ወይም መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶታል። ጠርሙሱ ቀን የለውም፤ በቅጹ ላይ እጽፍለታለሁ፣ የታሸገበትን ቀን ይለጥፍ። ሌላስ?

ጠማቂዋ፦ አልኮሉ። ሲቀዘቅዝ ያሞቅ ነበር፤ አሁን ያቃጥላል። ጥሩ አረቄ እንኳ እንደዚህ አያቃጥልም። የቸኮለ ይመስለኛል፣ ሞቅ ባለ ቤት ነው ያፈላው።

ቀማሹ፦ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲኖር እርሾው የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎችን ያበዛል። ሙዙ የበረታውም ከዚያው ነው ማለት ነው። ስንት እንስጠው?

ጠማቂዋ፦ አንተ ጻፍ፣ እኔ ልንገርህ። መልክ 3 ከ3፤ አልነካበትም። ሽታ 9 ከ12፤ ለካርቶኑ ነው። ጣዕም 14 ከ20፤ ደርቆ መጨረሱን እወድለታለሁ፣ ቃጠሎው ግን ያስቀንሰዋል። አፍ ውስጥ 4 ከ5። ለአጠቃላዩ 6።

ቀማሹ፦ ድምሩ 36። በሰንጠረዡ ከ30 እስከ 37 «በጣም ጥሩ» ነው። እኔም ከዚህ አልርቅም።

ጠማቂዋ፦ ቅዝቅዝ እንዳለ ፈርደን ቢሆን 40 እንሰጠው ነበር፤ ሰውዬው ሙቀቱን ሳያስተካክል ይቀር ነበር። እንግዲህ «ሲፈላ ቀዝቀዝ ያለ ቤት አስቀምጠው» በሉት። ገብሱስ ከየት ነው?

ቀማሹ፦ የአውሮፓ ገብስ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። የገብስ ቅጠል ላይ የሚወጣ ዱቄት መሰል የሻጋታ በሽታ አለ፤ የአውሮፓን ማሳ ያጠፋ ነበር። በ1937 እና 1938 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው የገበሬ ገብሶች ውስጥ ይህን በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኘ። ከዚያ የተዳቀለው አቴም የሚባል ዝርያ በ1979 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ወጣ፤ ዛሬ በአውሮፓ በጸደይ ከሚዘሩት የብቅል ገብሶች ብዙዎቹ ይህን የኢትዮጵያ ባሕርይ ይዘዋል። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቋል።

ጠማቂዋ፦ የኛ ገበሬ ያቆየው እህል እዚያ ደርሶ የሰው ማሳ አድኖ፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ኢትዮጵያ የሚል የለም። ያሳዝናል። እኛም ብንሆን ጥቁሩን ገብስ እየተውነው ነው። ዳባት ላይ አባቴ ለጠላ ለይቶ የሚዘራው ገብስ ነበር።

ቀማሹ፦ ወገራና ደባርቅ ላይ አሁን ለፋብሪካ የሚዘራው እንደ ሆልከርና ትራቭለር ያለ ሁለት ረድፍ የብቅል ገብስ ነው። ፍሬው እኩል ነው፣ እኩል ይበቅላል፣ ፕሮቲኑም ዝቅ ያለ ስለሆነ ቢራውን አያደፈርስም። ለጎንደር ብቅል ፋብሪካም ሆነ የአንትወርፐኑ ቦርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ ለተከለው ፋብሪካ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው። ገበሬው ገበያ አግኝቷል፤ ይህ ደግ ነው። ለጠላ ግን ድፍርስነት ጥፋት አይደለም፤ ያባትዎ ገብስ ለጠላ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ጠማቂዋ፦ ቤልጂየሞች እዚህ ድረስ መጥተዋል ማለት ነዋ።

ቀማሹ፦ በብቅሉ ብቻ አይደለም፤ የጉራጌውን ዘቢዳር ቢራ ፋብሪካ ከመሠረቱት ባለድርሻዎች አንዱ ዩኒብራ የተባለ የቤልጂየም ኩባንያ ነበር። የጠመቁት ግን ላገር ነው። የቤልጂየም ጥበብ ይዘው መጥተው የቤልጂየም ቢራ አለመጥመቃቸው ይቆጨኛል። በገበያ ብቻ ካየነው አይፈረድባቸውም፤ አገሩ ላገር ነው የለመደው። እኔ ግን አንድ ቀን አንድ ሰው የደባርቅ ገብስ ይዞ፣ ከሆፕስ ጋር ጥቂት ጌሾ ጨምሮ፣ በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቢራ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ።

ጠማቂዋ፦ ይሠራ። ግን የኛን ጌሾና ወይራ ወስዶ በሦስት እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ፣ በር ላይ ጣሳ የሰቀለችው ሴት ምን ታገኛለች? መጀመሪያ የሷ ጠላ በወጉ ይዳኝ።

ቀማሹ፦ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። የቤልጂየም የቢራ ባህል በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ጠርሙሱ አይደለም፤ መጥመቁ፣ መቅመሱ፣ ማስተማሩ፣ ከምግብ ጋር ማዛመዱ ነው። እኛ ጥምቀትን በ2019 እ.ኤ.አ. አስመዝግበናል፤ ጠላችን ግን አንድ የዳኝነት ወረቀት እንኳ የለውም። እዚህ ጎንደር ላይ እንጀምር እላለሁ፦ ጠማቂዎቹ ራሳቸው ዳኛ የሆኑበት ገበታ።

ጠማቂዋ፦ መቼ?

ቀማሹ፦ ጥምቀት ሰሞን ከተማው ሙሉ ነው፣ እንግዳ...

ጠማቂዋ፦ አይሆንም። ጥምቀት ታቦት የምናጅብበት ነው። ደግሞ ያን ሰሞን ጠማቂ እጇ አይፈታም። ጥምቀት ይለፍ፤ አዲሱ ገብስ በጎተራ ነው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው። ያኔ ይሁን። ግን ይህን ያንተን ቅጽ እንዳለ አልቀበለውም።

ቀማሹ፦ ምን ይለወጥ?

ጠማቂዋ፦ አንደኛ፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ አይቀመጥ። ጉሽ ከጉሽ፣ ፊልተር ከፊልተር፣ ቅራሪ ከቅራሪ፣ ኮረፌ ከኮረፌ። አለዚያ ሁልጊዜ ፊልተሩ ያሸንፋል፤ ያሰክራላ! ጭስ የራሱ ነጥብ ይኑረው፤ አለ ወይስ የለም ሳይሆን ልኩ። ጌሾውም እንደዚያው፤ መራራነቱ መጨረሻ ላይ ከች ብሎ ቶሎ ይሂድ፣ ምላስ ላይ ተኝቶ ከቀረ ጌሾው ከመጠን በላይ ቆይቷል። ድፍድፉ ውሃ ከገባበት ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ይጻፍ፤ የአራት ቀን ጠላና የአሥር ቀን ጠላ አንድ ላይ አይቀመጡም። ከዚያ ደግሞ ማግስት።

ቀማሹ፦ ማግስት ምንድን ነው?

ጠማቂዋ፦ የጠጣው ሰው ጠዋት እንዴት ተነሣ? ራሱን ይዞ ከተነሣ ማታ የጣፈጠው ምን ይረባል? ዳኛው በማግስቱ ተመልሶ ይህን አንድ ቦታ ይሙላ።

ቀማሹ፦ በዓለም ላይ ባሉት የውድድር ቅጾች እንዲህ ያለ ዓምድ አላየሁም። አንድ ዳኛ በቀን ብዙ ዓይነት ስለሚቀምስ የትኛው እንዳሳመመው አይለይም፤ የሚተፋም አለ።

ጠማቂዋ፦ ታዲያ አንድ ዳኛ ጥቂት ይቅመስ። ጠላ ተፍቶ የሚዳኝ ሰው ከቤቴ አይገባም።

ቀማሹ፦ እሺ፤ ለአንድ ዳኛ አንድ ረድፍ ብቻ። የማግስቱን ነጥብ እጨምረዋለሁ። ጠላዎቹ ግን ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ይቅረቡ። ዳኛዋ የማን ጋን እንደሆነ አትወቅ።

ጠማቂዋ፦ የጎረቤቴን ጠላ በቁጥር ብትሸፍነውም አውቀዋለሁ፤ የጋኗን ጭስ አውቀዋለሁ።

ቀማሹ፦ እንግዲያው ከደባርቅ የመጣችዋ የአዘዞን፣ የአዘዞዋ የዳባትን ትዳኝ።

ጠማቂዋ፦ እንዲያ ይሻላል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘችዋ ግን በሰው ፊት አይነበብባት። ወረቀቷን በእጇ ይስጧት፤ ምኑ እንደጎደለ፣ ምን ብታደርግ እንደሚስተካከል ተጽፎ። ማንበብ የማትችል ከሆነች ቁጭ ብሎ የሚነግራት ይኑር። እኔን የሚያስፈልገኝ ዋንጫ አይደለም፤ ያ ወረቀት ነው።

ቀማሹ፦ የመጀመሪያውን ወረቀት የማን ጠላ ላይ እንሙላው?

ጠማቂዋ፦ የኔ ላይ። ጓዳ ያለው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ጭሱ የበዛ ይመስለኛል፣ ግን የራሴ ስለሆነ አላምነውም። ብርጭቆ አለቅልቅና ና፤ በዝቶ ከሆነ በዝቷል ብለህ ጻፍ፣ ስንት ነጥብ እንዳስቀነሰኝም አስቀምጠው።